ቴሌስኮፑ ይቆይሽ

ልጄ፣ ባጠራቀምሽው ገንዘብ ቴሌስኮፕ ልግዛ ወይስ ይቆይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ይቆይሽ። መጀመሪያ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ከመስከረም እስከ መስከረም፣ በባዶ ዓይንሽ ሰማዩን ልመጂው። ሰማዩን ያልለመደ ሰው ቴሌስኮፑን ወዴት እንደሚያዞር አያውቅም፤ ጨረቃን ሁለት ሦስት ምሽት ያይና ዕቃው ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። እንዲህ ሆኖ የቀረ ቴሌስኮፕ በዘመድ ቤት አይቻለሁ። ባለቤቱ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ከየት እንደሚጀምር የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

«ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተቀምጬ ምን ኮከብ ይታየኛል?» ማለትሽ ትክክል ነው፤ የከተማው መብራት ከዓመት ዓመት እየበረታ ነው። ፍኖተ ሐሊብን ከጀሞ አታዪውም፤ እሱን ለማየት ወደ ገጠር መውጣት አለብሽ። ጨረቃ፣ በዓይን የሚታዩት አምስቱ ፕላኔቶችና ደማቆቹ ከዋክብት ግን መብራቱን አልፈው ይታያሉ፤ ለጀማሪም እነሱ ይበቃሉ። ብዙ ኮከብ በሚታይበት ገጠር ጀማሪ ቶሎ ይጠፋበታል። መብራት የጠፋ ምሽት ደግሞ ሰው ሁሉ ሻማ ሲፈልግ አንቺ ጋቢሽን ደርበሽ ውጪ።

ቦታ ስትመርጪ ጣሪያ ላይ አትውጪ፤ የብሎኮቹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ያንሸራትታል። ከኮሚናሉ ጀርባ ልብስ የሚሰጣበት ሜዳ ይሻልሻል፤ ግድግዳው የመንገዱን መብራት ይከልልልሻል። የከተማው ብርሃን የሚበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ስለሆነ በደቡብ፣ በፉሪ ተራራ በኩል፣ ሰማዩ ይጠቁራል። ዘበኛውን አስቀድመሽ አስፈቅጂ፤ ብቻሽንም አትውጪ፣ ወንድምሽን ወይም እናትሽን ይዘሽ ውጪ። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንዴ ስልክሽን ከፍተሽ ካየሽ ድካምሽ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ የስልክሽን ባትሪ በቀይ ፌስታል ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅልይው፤ ቀይ ብርሃን የለመደውን ዓይን ብዙም አያውክም።

ክረምቱን እንዳለ እርሺው። ሰማዩ የሚከፈተው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት ምሽቶች ከሁሉም ይበልጣሉ። ብርዱን ደግሞ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች ያውቁታል፤ ካልሲ ደርቢ። ኅዳር 12 ቀን አትድከሚ። በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ወዲህ በዚያ ቀን ቆሻሻ የማቃጠል ልማድ ስላለ ጭሱ ሰማዩን ያለብሰዋል። አንድ ትልቅ ዕድል ግን አለን። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት እና በ1 ሰዓት መካከል ትጠልቃለች፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሁልጊዜ ጨለማ ነው። የሰሜን አውሮፓ ልጅ በሰኔ ኮከብ ለማየት እኩለ ሌሊት መጠበቅ አለበት። አንቺ ዓይተሽ ገብተሽ፣ እራትሽን በልተሽ፣ በጊዜ ትተኛለሽ።

የውጭ አገር መጽሐፍና ሥዕል ስታነቢ ተጠንቀቂ። አብዛኛው የተጻፈው ከእኛ በስተሰሜን ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች ነው። በእነሱ ሥዕል ኦሪዮን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እዚህ በታኅሣሥ ምሽት በምሥራቅ ሲወጣ በጎኑ ተኝቶ ነው፣ በጥር ማብቂያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ አናትሽ ላይ ይደርሳል። አዲስ ጨረቃም እዚህ ጀርባዋ ላይ ጋደም ትላለች። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብም ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል። ክንድሽን ዘርግተሽ የምታዪው ጭብጥሽ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጭስና ጭጋግ በሌለበት ምሽት ኮከቡን ከእንጦጦ ጋራ ትንሽ ከፍ ብሎ ፈልጊው። በግንቦት መጀመሪያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ ብትዞሪ የደቡብ መስቀል ከአድማስ ሁለት ጭብጥ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ወደ ሰሜን ብትዞሪ ትልቁ ድብ አለ። ለንደን ያለ ሰው የመጀመሪያውን፣ ሜልቦርን ያለ ሰው ሁለተኛውን በሙሉ ከቤቱ ሆኖ አያይም። አንቺ ከአንድ የልብስ ማስጫ ሁለቱንም ታያለሽ። ይህን ሳስብ ልጆቻችን ለምን ሌሊት ሌሊት ደጅ እንደማይወጡ ይገርመኛል።

ደብተር ያዢ። ሥዕል መሣል አያስፈልግም፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ያየሽው ነገርና የት እንዳለ በሁለት መስመር ይበቃል። ለምሳሌ፦ «ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፤ ሰባቱ ከዋክብት በምሥራቅ፣ ከፊት ለፊት ካለው ብሎክ ጣሪያ ሁለት ጭብጥ ከፍ ብለው።» በሳምንቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ቆመሽ ስታዪ ከግማሽ ጭብጥ በላይ ከፍ ብለው ታገኛቸዋለሽ። ከዋክብት በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድመው ይወጣሉ፤ በወር 2 ሰዓት ይሆናል፣ በዓመት ዞረው ይገጥማሉ። ምድር ፀሐይን እንደምትዞር መምህርሽ ነግሮሽ ይሆናል፤ በደብተርሽ ግን በገዛ ዓይንሽ ይዘሽዋል።

ጎረቤት ወደ ላይ አንጋጠሽ ሲያይሽ «ኮከብ ልትቆጥሪልን ነው?» ይልሻል። አትቆጪ። ዐውደ ነገሥት ገላጩ የሰውዬውንና የእናቱን ስም ፊደል በቁጥር ደምሮ ዕድሉን ይናገራል፤ ለዚያ ሰማዩን ቀና ብሎ ማየት አያስፈልገውም። የአንቺ ሥራ ማየትና መጻፍ ነው፤ ከኮከቡ ስለ ትዳርም ስለ ሀብትም የሚወጣ ነገር የለም። ይህንን በትሕትና አስረጂና ሰባቱን ከዋክብት አሳዪው፤ በመጽሐፈ ኢዮብና በትንቢተ አሞጽ ስማቸው የተጠራው እነዚህ መሆናቸውን ስትነግሪው ደስ ይለዋል።

ለእኛ አገር ሰው ሰማይ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ሙሉው መጽሐፈ ሄኖክ ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ነው፤ በውስጡም ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በሮች እየተዘዋወረች እንደምትወጣ የሚናገር ክፍል አለ። ጠዋት በአንድ ቦታ ቆመሽ የፀሐይን መውጫ ምልክት ብታደርጊ ነገሩ ይገባሻል፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ስፋት አምስት ጭብጥ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ባሕረ ሐሳብም 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር በመግጠሙ ላይ የቆመ ነው። በሰፈርሽ ደብር አበቅቴና ሕጸጽ አስልተው የጨረቃን ሌሊት የሚነግሩሽ ሊቅ አይጠፉም፤ ጠይቂያቸውና ከደብተርሽ ጋር አስተያዪው። ሚያዝያ 5 ቀን ገደማ ደግሞ ቀጥ ያለ እንጨት ሜዳ ላይ አቁሚ። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ሲሆን ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትውላለች፣ የእንጨቱም ጥላ ይጠፋል። በነሐሴ ማብቂያ ሌላ አንድ ጊዜ ትመለሳለች፤ ያኔ ግን ደመናው ላያሳይሽ ይችላል።

ዓመቱ ሲሞላ መጀመሪያ የምትይዢው ባይኖኩላር ይሁን። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ 7 በ50 ወይም 10 በ50 የሚባለውን ለምኚ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። ብርሃን የሚሰበስበው ስፋቱ ነውና ለሌሊት የሚጠቅምሽ እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ «500 እጥፍ ያጎላል» የሚል ትንሽ ቴሌስኮፕ ካጋጠመሽ አትግዢው፤ በጠባብ መስታወት ያን ያህል ያጎላሽው ነገር ደብዝዞ ይንቀጠቀጣል። ክርንሽን ግድግዳ ላይ አስደግፈሽ ባይኖኩላሩን ወደ ጁፒተር ብታነሺ፣ ከጎኑ በአንድ መስመር የተሰለፉ ጥቃቅን ነጥቦች ታያለሽ፤ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያገኛቸው ጨረቃዎቹ ናቸው። በማግሥቱ ቦታቸውን ቀይረው ታገኛቸዋለሽ። ወደ ሰው መስኮት ግን በጭራሽ አታዙሪው፤ በሰፈር ያለሽ እምነት አንድ ጊዜ ከተሰበረ አይጠገንም። ወደ ፀሐይም እንዲሁ፤ ዓይን በቅጽበት ይጠፋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ የያዘችበት ግርዶሽ ሲሆን እዚህ አዲስ አበባም በከፊል ታይቷል። እንዲህ ባለ ቀን ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ከሌለሽ ጥላውን እዪ፤ የራጅ ፊልምና የጠቆረ ጠርሙስ ዓይን አያድኑም።

አሁን ባይኖኩላር ስትይዢ በመጀመሪያ እንድትፈልጊው የምመኝልሽን ኮከብ ልንገርሽ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ነገር ሆነ። ታኅሣሥ 10 ቀን የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይና ተወነጨፈች፤ ይህን ሁሉም ያስታውሳል። ታኅሣሥ 7 ቀን ደግሞ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለኮከቦችና ለፕላኔቶቻቸው ያወጡትን ስም ይፋ ሲያደርግ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ቡና፣ የሚዞረው ፕላኔት አቦል ተባለ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ከሚያውቁትም ኮከቡን በዓይናቸው ያዩት ያነሱ ይመስለኛል። አቦል ከጁፒተር ብዙ እጥፍ የሚከብድ፣ ቡናን አንድ ጊዜ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ የሚፈጅበት ፕላኔት ነው። እሱ በባይኖኩላር አይታይም፤ ቡና ግን ይታያል።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሳምንት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፊትሽን ወደ ሰሜን አድርጊ። ከአድማስ ስድስት ጭብጥ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ቀጥ ብሎ ከፊትሽ ያለው አልማክ የሚባል ኮከብ ነው። ከእሱ በስተቀኝ አንድ ጭብጥ አለፍ ብሎ አልጎል አለ፤ በየ2 ቀን ከ21 ሰዓቱ ለጥቂት ሰዓታት የሚደበዝዝ ኮከብ ነው፣ ራሱን የቻለ የደብተር ሥራ ይሆንሻል። ባይኖኩላሩን በሁለቱ መካከል አድርጊ። ኤም34 የሚባል የከዋክብት ክምችት እንደተበተነ ጨው ይታይሻል። ከክምችቱ ወደ ግራና ትንሽ ወደ ላይ፣ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ስትሄጂ፣ ቡና እዚያ ነው። ስቴላሪየም የተባለውን ነፃ የስልክ መተግበሪያ ጭነሽ ኤችዲ 16175 ብለሽ ብትፈልጊ ከጎኑ ካሉት ይለይልሻል። ርቀቱ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ ዓይንሽ የሚገባው ብርሃን ከዚያ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው።

ብቻሽን አትቅሪ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ለወጣቶች ክበባት የቆመ ማኅበር ነውና ለትምህርት ቤትሽ ክበብ ጠይቂ። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ ጉብኝት ሲገኝ አይለፍሽ፣ ጥያቄሽን ግን ከደብተርሽ ይዘሽ ሂጂ።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀይ ሆና ትቆያለች፤ በባዶ ዓይን ሊያዩት የማይጎዳ ነገር ነው፣ ወሩም ደመና የሌለበት ነው። ኮሚቴውን ቀደም ብለሽ አነጋግሪና ለዚያች አንድ ሰዓት የግቢውን መብራት ያጥፉ፤ የብሎኩን ልጆች ሁሉ አስወጪ፣ ለአጫጭሮቹ በርጩማ አዘጋጂ።