ስለ ሐይቅ ዳር ጎረቤቶች ክርክርና ስለ ወደብ ሰላም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሰው ከጎረቤቱ ጋራ የሚጣላበት ምክንያት እንደ አገሩ ጠባይ ይለያያል። የደጋው ገበሬ በእርሻ ድንበር፣ የቆላው ከብት አርቢ በግጦሽና በውኃ፣ የከተማው ሰው በአጥርና በፍሳሽ ይከራከራል። በሐይቅ ዳር የሚኖረው ደግሞ «ታንኳህን ከደጄ አንሣ፤ ችካልህን ከወደቤ ንቀል» እያለ ከጎረቤቱ ይጣላል። ይህ ክርክር ለሩቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ለታንኳ ሰው ወደብ ማለት ለገበሬ ማሳ ማለት ነው፤ ወደብ የተከለከለ ዓሣ አስጋሪ መረቡና ጉልበቱ ሳሉት ልጆቹ ይራባሉ። ስለዚህ ነገሩ የእንጀራ ነገር ነው፤ የእንጀራም ነገር ከሆነ የነፍስ ነገር ነው።

በአሶሳና በሆሞሻ ያለው ምእመን «ይህ ትምህርት ለጣና ሰዎች ነው እንጂ እኛን ምን ያገባናል?» ይል ይሆናል። እኛ ግን ያገባዋል እንላለን። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ወርዶ ወርዶ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር ያልፋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በጉባ ወረዳ ላይ ሐይቅ ፈጥሯል፤ ውኃው መሞላት የጀመረው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ንጋት የተባለው ይህ ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ስፋቱም 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አባቶቹ የወንዝ ዳር ሰዎች የነበሩ ሕዝብ እንግዲህ የሐይቅ ዳር ጎረቤት ሆኗል። ጀልባ ባለበት ወደብ ይኖራል፤ ወደብ ባለበትም ክርክር አይጠፋም። ጠብ ሳይበቅል ሕግና ፍቅር ቀድመው ይተከሉ ዘንድ፣ አዲሱ ሐይቅ ከአሮጌው ሊማር ይገባዋል።

በጣና የሚሆነውን እንመልከት። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ስፋት ያለው፣ ገዳማትን በደሴቶቹ የተሸከመ ሐይቅ ነው። በዚያ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት ታንኳ ከደንገል ይታሰራል። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ፣ ታንኳው ሥራው ሲያልቅ ወደ የብስ ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት። እንግዲህ የደንገል ታንኳ ያለው ሰው የሚፈልገው ማሰሪያ ችካል ብቻ አይደለም፤ ታንኳውን የሚያቆምበት የመሬት ቁራጭም ይፈልጋል። ባለ ሞተር ጀልባው ግን ጥልቅ ውኃና ወደ ሐይቁ የገባ የእንጨት ወይም የድንጋይ መድረክ ይሻል። አንዱ መድረኩን ሲያስረዝም የሁለተኛው መግቢያ ይዘጋል፤ አንዱ ታንኳውን ሲያደርቅ የሁለተኛው መንገደኛ መውረጃ ያጣል። ሁለቱም ሠርተው የሚበሉ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም «ውኃው የእግዚአብሔር ነው» ይላሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ይህን የሚለው ለራሱ ሲፈርድ ነው።

ደግሞም የሐይቅ ዳር እንደ ማሳ ድንበር ጸንቶ አይቆምም። የጣና ውኃ ከክረምት በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ በማነሱና ለኤሌክትሪክ ኃይል ውኃ በመለቀቁ ሐይቁ እጅግ ስለ ጎደለ መርከቦች ለወራት ቆሙ፤ ውኃው በሸሸበት መሬት ላይም ሰዎች እርሻ አረሱ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ዳር እየወረረ መግቢያዎችን ዘጋ፤ የቀረውም ክፍት ወደብ ለብዙዎች ጠበበ። በንጋት ሐይቅ ደግሞ የውኃው ከፍታ ሲሞላ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር፣ ለሥራ ሲጎድል እስከ 590 ሜትር እንዲደርስ ተደርጎ የታቀደ ስለሆነ፣ በመስከረም ውኃ ዳር የተተከለ ችካል ውኃው ሲጎድል ከየብስ መካከል ሊቆም ይችላል። በጥቅምት «ከዚህ እስከ ውኃው ጠርዝ የእኔ ነው» ብሎ የማለ ሰው፣ ውኃው ሲሸሽ መሐላው ምን ይሆናል?

መጻሕፍት የባሕርን ወሰን የወሰነ እግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ ይመሰክራሉ። በኢዮብ በ38ኛው ምዕራፍ፣ በኤርምያስም በ5ኛው ምዕራፍ ይህን እናገኛለን። ሰው የማሳውን ድንበር ያውቃል፤ የጎረቤቱንም የድንበር ምልክት እንዳያፈልስ በኦሪት ዘዳግም ታዝዟል። የውኃን ድንበር ግን ሊያጸና አይችልም። ይህን አንድም ለኃይላችን ልክ እንዳለው ሊያስተምረን ነው እንላለን፤ አንድም ጸንቶ በማይቆም ነገር ላይ ጸንቶ የሚቆም ጠብ እንዳንሠራ ነው እንላለን። የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ቤቱ የግል ነው፤ ጀልባው የግል ነው፤ ሐይቁ ግን የማንም ጓሮ አይደለም።

አሁን ወደ ይስሐቅ ታሪክ እንምጣ። በዘፍጥረት በ26ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ የይስሐቅ ሎሌዎች ጉድጓድ በቆፈሩ ጊዜ የጌራራ እረኞች «ውኃው የእኛ ነው» ብለው ተጣሉአቸው። ይስሐቅም ያን ጉድጓድ ኤሴቅ፣ ጠብ ማለት ነው፣ ብሎ ጠርቶት ሌላ አስቆፈረ። በሁለተኛውም ተጣሉት፤ ስጥና አለው። ሦስተኛውን ባስቆፈረ ጊዜ ግን ክርክር አልነበረምና ርኆቦት፣ ስፋት ማለት ነው፣ ብሎ ሰየመው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በምድሪቱ ላይ ስፋት ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ፤ የጠበበው የሰው ልብ ነበረ።

ነገር ግን ከዚህ ላይ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። «እንግዲያስ ደካማው ሁልጊዜ ይልቀቅ፤ ጉልበተኛውም ሁልጊዜ ይውሰድ ማለታችሁ ነውን?» የሚል ሰው ጥያቄው እውነተኛ ነው። መልሱም እንዲህ ነው፤ ይስሐቅ ቦታውን ለቀቀ እንጂ ግፉን ትክክል ነው አላለም፤ ጉድጓዱን ጠብ ብሎ በስሙ ጠራው። በኋላም አቢሜሌክ ሊታረቅ በመጣ ጊዜ «ጠልታችሁ አሳዳችሁኝ፤ አሁን ስለ ምን መጣችሁ?» የሚል ቃል በግልጥ ተናገረው፤ ከዚያም ማዕድ ሠርቶ ማለለት። አባቱ አብርሃምም በ21ኛው ምዕራፍ ስለ ተነጠቀው ጉድጓድ አቢሜሌክን ፊት ለፊት ወቅሶታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቃል ኪዳን የገባው። ስለዚህ ሰላም ማለት ዝምታ ማለት አይደለም። መንገድ ሳለው ሌላ ስፍራ ሊያገኝ የሚችል ሰው ስለ ሰላም ቢለቅ ዋጋው ከእግዚአብሔር ነው፤ ሌላ ስፍራ የሌለውን ድሃ ግን «ታገሥ» ብሎ ማሰናበት ትዕግሥትን ማስተማር ሳይሆን የናቡቴን ርስት ለአክዓብ መመረቅ ነው።

ይህን ቃል ይልቁንም ለእኛ ለካህናት እንናገረዋለን። ሽማግሌ ሆነን በተቀመጥን ጊዜ፣ አንዱ ባለ ሞተር ጀልባ ሆኖ ለበዓል ምእመናንን በነጻ የሚያሻግር፣ ሁለተኛው የደንገል ታንኳ ብቻ ያለው ቢሆን፣ ዐይናችን ወደ ማን ያዘነብላል? ለቤተ ክርስቲያን የሰጠ ሰው ዋጋውን በሰማይ ያገኛል እንጂ በዳኝነት ወንበር ላይ አይቀበልም። ገዳማትና አድባራትም ራሳቸው የሐይቅ ዳር ጎረቤቶች ናቸውና፣ በወደባቸው ዙሪያ ያለውን ዓሣ አስጋሪ እንዴት እንደሚያስተናግዱት ሕዝቡ ያያል፤ ከስብከታችንም ይልቅ ያን ይማራል።

በአዲሱ ሐይቅ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሆሞሻና በአሶሳ ከጥንት የኖሩት የበርታ ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው በአሶሳ የሰፈሩ ወገኖችም አሉ፤ በጉባም የጉሙዝ ሕዝብ አለ፤ ለውኃው ሲባል ከወንዝ ዳር መንደራቸው የተነሡ አሉ። ለአገር ሁሉ ብርሃን መንደሩን የለቀቀ ሰው፣ ጀልባ ገዝቶ ከሩቅ በመጣ ባለ ገንዘብ ከሐይቁ ዳር ዳግመኛ እንዳይገፋ እንጠንቀቅ። ጌታችን «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ላለው ሰው ሳምራዊውን በምሳሌ ባሳየው ጊዜ፣ ጎረቤትነትን በሃይማኖትና በነገድ አልወሰነውም። ስለዚህ ወደብን «ይህ የክርስቲያን፣ ያ የእስላም» ብሎ መክፈል የወንጌልን ቃል መቃወም ነው።

በሉቃስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ በጌንሴሬጥ ሐይቅ ዳር ሁለት ታንኳዎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ጌታ ከሁለቱ በአንዲቱ፣ በስምዖን ታንኳ፣ ገብቶ አስተማረ። መረቡ ሊቀደድ እስኪደርስ ዓሣ በበዛ ጊዜ ስምዖን «ይህ በረከት ለእኔ ታንኳ ብቻ መጣ» አላለም፤ በሁለተኛዪቱ ታንኳ ያሉትን ባልንጀሮቹን በምልክት ጠራቸው፤ ሁለቱም ታንኳዎች ሞሉ። ያ የጎረቤት ታንኳ በዚያ ዳር ባይኖር ኖሮ የስምዖን መረብ ምን ይሆን ነበር? ዛሬ ችካሉን ንቀል የምንለው ሰው፣ ነገ ማዕበል ሲነሣ ገመድ የሚወረውርልን እርሱ ነው።

እንግዲህ በሐይቅ ዳር ለሚኖሩ ሁሉ እንዲህ እንመክራለን። አንደኛ፣ የወደብ ስምምነት ለመስከረም ውኃና ለሰኔ ውኃ ለየብቻ ይደረግ፤ ዳሩ ሲሸሽ ችካሉ ወዴት እንደሚዛወር አስቀድሞ ይነገር። ሁለተኛ፣ ውኃ የምትቀዳ ሴትና የሚጠጣ ከብት የሚያልፉበት መንገድ በማንም መድረክ አይዘጋ። ሦስተኛ፣ መድረክ ሊሠራ የሚያስብ ሰው እንጨቱን ከመትከሉ በፊት በግራና በቀኝ ያሉትን ጎረቤቶቹን ይጠይቅ፤ ከተተከለ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ጥያቄ ሳይሆን ማስታወቂያ ነውና። አራተኛ፣ ችካል በሌሊት አይነቀል፤ ገመድም በስውር አይቆረጥ፤ በቀን ለመናገር የሚያፍሩበት ነገር በሌሊት ቢሠራ ኀጢአት ነው። አምስተኛ፣ ክርክሩ ከሁለቱ በላይ ሲሆን ወደ ሽማግሌ፣ ከዚያም ወደ ሕግ ይሂድ፤ ወደ ዱላ ግን አይሂድ።

ጌታ በማቴዎስ በ5ኛው ምዕራፍ መባ ይዞ ወደ መሠዊያ የቀረበ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ቢያስብ፣ መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል። እንግዲህ ለበዓል በታንኳ ተሻግሮ ወደ ደሴት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው፣ ታንኳውን ሲፈታ የጎረቤቱን ችካል ይመልከት። ያ ችካል ቂም የታሰረበት ከሆነ፣ ሐይቁን ከመሻገሩ በፊት የሚሻገረው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ከደጁ እስከ ጎረቤቱ ደጅ ያለው ጥቂት እርምጃ ነው።

ጠባቡን ልባችንን አስፍቶ ርኆቦትን ያድለን ዘንድ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ አሜን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።