ማኅደርና መርማሪ

የብራና መጽሐፍ ማኅደር የሚሰፋው በአንድ መጽሐፍ ልክ ነውና፣ ሁለተኛ ልጨምርበት ብሎ የሚታገል ሰው ስፌቱን ከመተርተር በቀር የሚያተርፈው የለም፤ የኮምፒውተርን ሚሞሪ ማኅደረ ትውስታ ብለው የሰየሙትም፣ አስበውት ይሁን ሳያስቡት፣ ስሙን ከግብሩ ጋር አጋጥመውታል።

ይህን ያስተማረኝ በገዛ እጄ የጻፍሁት መርማሪ ፕሮግራም ነው። ሥራው የሰርቨሩን ሎግ እያነበበ የትኛው አገልግሎት መቼ እንደ ወደቀ ማመልከት ሲሆን፣ አንድ ሌሊት 3 ጊጋባይት የደረሰውን ሎግ 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ባለው ማሽን ላይ እንዳለ ልያዘው ቢል፣ ሚሞሪ ሲያልቅበት ብዙ ያከማቸውን መርጦ የሚገድለው የሊኑክስ ከርነል እርሱኑ ገደለውና ሞቱን እዚያው ሎግ ላይ ጻፈው። ጧት የሎጉን ጭራ ብቻ ቈርጬ ባስነብበው፣ ያገኘው የመጀመሪያ ወዳቂ ራሱ ነበር፤ ሪፖርቱም ተመልሶ እዚያው ሎግ ይገባ ስለ ነበር፣ «ወደቀ» ያለውን የራሱን ቃል እንደ አዲስ ውድቀት እየቈጠረ፣ ቡናዬን ሳልጨርስ የአንዱን ሟች መርዶ 40 ጊዜ አረዳኝ።

የሚሞሪው መድኃኒት ቀላል ነበር። አሁን አንድ መስመር ያነባል፣ ይመረምራል፣ ይለቃል፤ የውድቀት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከውድቀቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ 20 መስመር ብቻ ይዞ ይቈያል፣ 21ኛው ሲገባ የፊተኛው ይወጣል። (ከርነሉም የራሱን መልእክት የሚያኖረው መጠኑ በተወሰነ፣ በክብ በሚዞር ስፍራ ነው፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ይደመስሰዋል።)

እንግዲህ መርሳት የዕውቀት ጉድለት ነው ወይስ የዕውቀት አካል? ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው 10ኛ መጽሐፍ፣ ሰው መርሳትን ራሱን በምን አኳኋን እንደሚያስታውስ እጅግ ተጨንቋል። ለእኔ ግን ነገሩ የሚገለጽልኝ በንስሐ አባት ነው፤ ቀኖና ለመስጠት የሚበቃውን ያህል ይይዛል፣ የቀረውን ለማይረሳው አምላክ ይተዋል። ሁሉን መያዝ የባሕርዩ የሆነ አንድ ብቻ ነውና፣ ፍጡር ይህን ሲሻ ትጋት ይምሰለው እንጂ ትዕቢት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ግን አዘገየኝ። ስምህ ያለበትን መስመር ሁሉ ዝለል ብዬ ባዝዘው መርዶው ይቆም ነበር፤ ነገር ግን የራሱን ውድቀት ከማይቈጥር መርማሪ ምን ምስክርነት ይገኛል? ካህኑም ቢሆን የንስሐ አባት አለው። ስለዚህ ሪፖርቱን ከሎጉ አውጥቼ በሌላ ፋይል አኖርሁት፣ ሞቱንም እንደ ማንኛውም ሟች አንድ ጊዜ እንዲቈጥር አደረግሁ፤ ያንን ፋይል የምታነብ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ጻፍሁ፣ እርሷም የምትይዘው አንድ መስመር ብቻ ነው።