ደም መጣጩ ምሕረት ይሻል፤ ቀጥቃጩስ?

ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 «ድራኩላ»ን ሲያሳትም ደም መጣጩ ራሱ ታሪኩን የሚናገርበት ምዕራፍ አልሰጠውም። የምናነበው የአሳዳጆቹን ማስታወሻና ደብዳቤ ነው። በ1976 አን ራይስ ለቫምፓየሩ አንደበት ሰጠችው። በእኛ ዘመን ደግሞ አሜሪካዊው ድሩ ሄይስ ፍሬድ የተባለ፣ ጥላውን የሚፈራ የሒሳብ ሠራተኛ ቫምፓየር ይዞ መጣ። በ2015 በወጣው ሁለተኛ መጽሐፍም ፍሬድ የሚኮራው በጉልበቱ ሳይሆን በሙያው ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ «እኔንም ስሙኝ» ይላል፤ ተከታዩ ግን ከዚያ አልፎ እንደ ማንም ጎረቤት የመኖርን ጥያቄ ያነሳል።

ከኮሎምበስ ደቡብ ምዕራብ ባለችው ግሮቭ ሲቲ የሚያድግ የሐበሻ ልጅ ይህን የተናቀ ጀግና ለመውደድ አይቸገርም። ወላጆቹ የመጡበት አገር ግን የራሱ ፍሬዶች አሉት። በአማራ ገጠር ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ተብለዋል። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ፤ በዓይናቸው ሰው የሚበሉ። ብዙ ቤተ እስራኤላውያንም ይኸው ስም ተለጥፎባቸዋል። ገበሬው በቀጥቃጩ ማረሻ ያርሳል፣ በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ እንጀራው ይጋገራል፤ ልጁን ግን አይድርላቸውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ተነገረ፤ ስሙ ግን ከየመንደሩ አልጠፋም።

ታዲያ ለፍሬድ ያዘነ ልብ ለቀጥቃጩም ቢያዝን በቂ ነውን? አይደለም። ፍሬድ በእርግጥ ቫምፓየር ነው፤ አንባቢው የሚወደው ያንን እያወቀ ነው። ቀጥቃጩ ግን ማንንም አልበላም። «ቡዳም ቢሆን እኮ ሰው ነው» የሚል ደግ ሰው ሳያውቀው ክሱን ያጸናዋል። ምሕረት የሚገባው ላጠፋ ነው፤ በሐሰት ለተከሰሰ የሚገባው ፍርድ ነው።

ከግሮቭ ሲቲ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ የምትርቀው ስፕሪንግፊልድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ይህንኑ አሳይታለች። የሄይቲ ስደተኞች የጎረቤት ውሻና ድመት ይበላሉ የሚል ወሬ እስከ ፕሬዚዳንታዊ ክርክር መድረክ ደረሰ። የከተማዋ ባለሥልጣናት ተጨባጭ ማስረጃ እንደሌለ ቢናገሩም በቦምብ ዛቻ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እነዚያ ሰዎች የፈለጉት ርኅራኄ አልነበረም፤ ውሸቱ ውሸት መባሉን ነበር። «በላተኛ» የሚለው ስም ደግሞ በአማርኛ ለሚሰማው ጆሮ እንግዳ አይደለም።

እርግጥ ልቦለዱ ከንቱ አይደለም። ጭራቅ የተባለውን ከራሱ አፍ መስማት ያስተምራል። ትምህርቱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ አለበት፤ ስሙን ማን አወጣለት? በስሙስ ማን ተጠቀመ? መሬቱን፣ ጋብቻውን፣ የማኅበር ወንበሩን ማን ያዘበት? ርኅራኄ ከሚያዝነው ሰው ብዙም አይጠይቅም፤ እውነት ግን ስም አውጪውን ራሱን ትጠይቃለች።

ለዚህ መፈተኛው መጽሐፍ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በኦሃዮ ሽማግሌ ተልኮ ቤተሰብ ሲሰበሰብ አንድ ታላቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ዘሩ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቫምፓየሩን የወደደች ልጅና ያሳደጓት ወላጆች የሚለኩት ለዚያ ጥያቄ በሚሰጡት መልስ ነው።