ኩባንያ ኀፍረት ያውቃልን?

"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይሉ ነበር አባቶቻችን። በዘመናችን ደግሞ ሌላ ዓይነት ኃይለኛ መጥቷል። ይከሰሳል፣ ግን አይታሰርም፤ ይቀጣል፣ ግን አያፍርም፤ ዕድሜው ቢረዝምም እንደ ሰው አርጅቶ አይሞትም። ስሙ ኩባንያ ነው። ሕግ የሰውነት መብት ሰጥቶታል፤ ንብረት ያፈራል፣ ይዋዋላል፣ ይከሳል። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለንም፤ ያለዚህ ፋብሪካም ሆነ ባቡር መሥራት በከበደ ነበር። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ይህ በወረቀት የተወለደ ሰው በአገር ጉዳይ ላይ ቃል መስጠት ሲጀምር፣ ጉልበቱን ሸጦ የሚያድረው የሥጋና የደም ሰው ወዴት ይሄዳል?

እስቲ ጓቲማላን እንመልከት። በዚያች የመካከለኛው አሜሪካ አገር ዩናይትድ ፍሩት የተባለው የአሜሪካ የሙዝ ኩባንያ ከባለመሬቶች ሁሉ ትልቁ ነበር። የባቡሩና የፑዌርቶ ባሪዮስ ወደብ ሥልጣንም በእጁ ነበር። ከመሬቱ አብዛኛው ግን ጦም ያደረ ነው። በምርጫ አሸንፈው ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ሐኮቦ አርቤንዝ በ1952 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) የመሬት አዋጅ አወጡ። አዋጁ ከሰፋፊ እርሻዎች ጦም ያደረውን መሬት ወስዶ ለገበሬ ያድላል፤ ካሳው የሚታሰበውም ባለመሬቱ ራሱ ለግብር ባስመዘገበው ዋጋ ነው።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው ግብር እንዳይበዛበት "መሬቴ ርካሽ ነው" ሲል ኖሯል። መንግሥትም በራሱ ቃል ይዞት ከ600 ሺህ ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ካሳ አቀረበ። ይኼኔ መሬቱ ባንዴ ተወደደ! በ1954 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስለ ኩባንያው ሆኖ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀ። ለግብር ሲሆን ድኻ፣ ለካሳ ሲሆን ባለጸጋ!

ኩባንያው ወዳጅ አላጣም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ፎስተር ደለስ ቀድሞ ይሠሩበት የነበረው የጠበቆች ቢሮ የኩባንያው ጠበቃ ነበር። ወንድማቸው አለን ደለስ የስለላው ድርጅት የሲ.አይ.ኤ. አለቃ ነበሩ። ለኩባንያው ተቀጥሮ የሚሠራው ኤድዋርድ በርኔይስ ደግሞ ጓቲማላ በኮሚኒስቶች እጅ ልትወድቅ ነው እያለ የጋዜጣውን ዓለም ይቀሰቅስ ነበር። በሰኔ ወር 1954 ሲ.አይ.ኤ. ያስታጠቀው ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ አርቤንዝም ሥልጣን ለቀቁ። ነገሩ የሙዝ ሳይሆን የኮሚኒዝም ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ። ፍርሃቱ መኖሩን አንክድም፤ ግን እሳቱን ለሚያራግበው ደመወዝ ይከፍል የነበረው ማን ነው?

ሒሳቡን የከፈለውስ? መሬት ከደረሳቸው ወደ 100 ሺህ ከሚጠጉ ቤተሰቦች አብዛኞቹ ተነጠቁ። የሙዝ ሠራተኞቹ ማኅበር ፈረሰ። ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሁሉ የመምረጥ መብቱን ተገፈፈ። ከ1960 እስከ 1996 በቆየው የርስ በርስ ጦርነት፣ አጣሪው ኮሚሽን በ1999 እንደገለጸው፣ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል ወይም የት እንደገባ ጠፍቷል። ይህን ሁሉ ደም በአንድ ኩባንያ ላይ አንጭንም፤ ዳሩ ግን በሩ የተከፈተው በዚያ ሰኔ ነው።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? ባለአክሲዮኑ "አክሲዮን ገዛሁ እንጂ ጠመንጃ አልገዛሁ" ይላል። ሥራ አስኪያጁ "ትርፍ አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ" ይላል። ባለሥልጣኑ "ለአገሬ ብዬ ነው" ይላል። ጥፋቱ እንደ ዕድር መዋጮ ተከፋፍሎ ለየሰዉ ሳንቲም ሳንቲም ይደርሰዋል። ሙዝ ቆራጩ ግን መከራውን የሚያካፍለው የለውም፤ ረሀቡም ሙሉ ነው፣ ሞቱም ሙሉ ነው።

"ይህ ድሮ ቀረ" የሚል ካለ፣ ዛሬ ድብቅ ጦር እንኳ ሳያስፈልግ በሕግ በር መግባት እንደሚቻል ይመልከት። በጥር 2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ኩባንያዎች ከተወዳዳሪው ጋር ሳይመካከሩ ለምርጫ ቅስቀሳ የሚያወጡትን ገንዘብ መገደብ የመናገር ነጻነትን መንካት ነው ሲል ፈረደ። ለሠራተኛ ማኅበራትም ያው መብት ተሰጥቷል። በወረቀት እኩል ናቸው፤ ነገር ግን ያንደኛው ድምፅ ከትርፍ ይወጣል፣ የሌላኛው ከደመወዝ ላይ ከተቆረጠች መዋጮ። በዚያችው አገር በ2009 በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም የተደረገው የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ብዙ ክፍላተ አገር በራሳቸው ከዚያ በላይ ቢያደርጉም፣ 15 ዓመት አልፎት እንኳ ሳንቲም አልተጨመረበትም። ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ ነው አንልም፤ ግን በሕግ አውጪው ደጃፍ ጠበቃ ማቆም የሚችለው ወለል ጠራጊው ነው ወይስ ቀጣሪው?

እኛ የምንለው እንዲህ ነው፦ በአገር ጉዳይ ቃል መስጠት የሚገባው፣ ቃሉ ጥፋት ሲያመጣ ማፈርና መጠየቅ ለሚችል ነው። ኩባንያ መሣሪያ ነው፤ ማረሻ ያርሳል እንጂ በሸንጎ አይቀመጥም።

ደግሞስ በዚያ በጓቲማላው ነገር የተሳተፉት እነማን ነበሩ? ጠበቃው፣ የማስታወቂያ አዋቂው፣ ባለሥልጣኑ፤ ሁሉም እንደኛ በትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው። ነገ ውሉን የምናረቅ፣ ሒሳቡን የምንዘጋ፣ መግለጫውን የምንጽፍ እኛው ነን። ኩባንያ የራሱ ኀፍረት የለውም፤ ያለው እኛ ይዘንለት የገባነው ብቻ ነው። በሩ ላይ ጥለነው ከገባን፣ ውስጥ አይገኝም።