ጭሱ የማን ነው?

በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ሰው በገዛ ጓሮው እሳት ሲያነድ የሚገዛው ሕግ አለ። የብዙዎቹ መነሻ «ዓለም አቀፍ የእሳት ደንብ» የሚባለው ነው (ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ በዋናነት የሚሠራበት እዚያው አሜሪካ ነው)። ከተሞቹ እንደየፍላጎታቸው ያጠብቁታል፣ ያላሉታል። ደንቡ «የመዝናኛ እሳት» ለሚለው ልክ አበጅቶለታል። የማገዶው ስፋት ከ3 ጫማ፣ ከፍታው ከ2 ጫማ አይበልጥም። ከቤትና ከሚቀጣጠል ነገር 25 ጫማ፣ ማለትም ሰባት ሜትር ተኩል ግድም ይርቃል። እስኪጠፋ ድረስ ጠባቂ አይለየውም፤ ማጥፊያም ከአጠገቡ ይኖራል። የሚገርመው ለሃይማኖትና ለበዓል የሚነደውንም እሳት እዚያው «መዝናኛ» ውስጥ ጨምሮታል። እንግዲህ እዚያ ያለው ወገናችን መስከረም 16 ቀን ጓሮው ደመራ ላብራ ቢል፣ በዚህ ልክ ከሄደ የምትፈቀድለት ከጉልበት ትንሽ ከፍ የምትል ደመራ ናት!

ይሁን፤ ልኩን መልመድ ይቻላል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ሰባት ሜትር ተኩል እሳትን ያቆም ይሆናል፤ ጭስን ግን አያቆምም። ግቢው የእኔ፣ እንጨቱንም የገዛሁት እኔ፤ ጭሱ አጥር ተሻግሮ ሰው መኝታ ቤት ሲገባስ? የእንጨት ጭስ ብናኝ ከፀጉር ውፍረት ሠላሳ እጥፍ ግድም ስለሚያንስ የተዘጋ መስኮትም አይመልሰውም። በዚያ ክፍል አስም ያለበት ልጅ ተኝቶ ይሆናል።

ጭሱ ጎረቤት ካስቸገረ እሳቱ ይጥፋ የሚሉ ከተሞችም አሉ። ግን አቤት ባይ ያስፈልጋል። ስልክ ደውሎ ከጎረቤት ጋር መኮራረፍ ደግሞ ለማን ይቀላል?

«እኛ አገር እኮ ሕግ አያስፈልግም፣ ይሉኝታ አለ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ ብዙም አልተዋጠልኝም። ይሉኝታ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ጭሱ የገባበትን ሰው ነው። የኮንዶሚኒየም ኮሪደር ላይ ከሰል የምታቀጣጥለው ሴት ማንንም አታስፈቅድም፤ ዓይኑ የሚያለቅሰው ጎረቤት ግን «ምን ትለኛለች» ብሎ ዝም ይላል። ለነገሩ እሷስ የት ታቀጣጥለው? ቤቱን የሠራው ሰው ከሰልን አላሰበውም።

ስለዚህ ደንቡ ይኑር ባይ ነኝ፤ ቢያንስ መናገር ለማይችለው ይናገርለታል። የምፈራው ሜትሩን የለካ ሰው ነገሩን ሁሉ የጨረሰ ሲመስለው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የፈቀደው እሳቱን ነው፤ የጎረቤትን ሳንባ የመፍቀድ ሥልጣን የለውም። እሱን መጠየቅ ያለበት የሚያነደው ሰው ነው፣ ያውም ክብሪቱን ሳይጭር። ጠይቆም ቢሆን «ኧረ ምንም አይደል» የምትለዋ ጎረቤት በሩን ስትዘጋ አብራ መስኮቱንም መዝጋቷን ልብ ይበል።