ፈቃዱን ከቤታችን እንጀምር



ማለዳ ዳዊት ደግመን ማታ ወንጌል የምናነብ ወጣቶች፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በምን እንለያለን? መጽሐፉን ድንገት ገልጦ ዓይን ባረፈበት ቃል መወሰን ማስተዋል አይደለም። በተራ፣ የፊቱን ከኋላው አያይዘን ልናነብ ይገባናል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን የገሠጻቸው ሰዎች ለወላጆቻቸው የሚገባውን ርዳታ ቁርባን ነው በማለት ይከለክሉ ነበር። ስእለቱ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ነገር ግን አባትንና እናትን ስለ ማክበር የተሰጠውን ትእዛዝ ሻረ።

እንግዲህ እናታችን በታመመች ቀን ወደ ጉባኤ እንሂድ ወይስ እናስታምማት ስንል አዲስ ራእይ አንጠብቅ፤ ፈቃዱ አስቀድሞ ተጽፎልናል። ጌታችንም በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ከተገኘ በኋላ ወደ ናዝሬት ወርዶ ይታዘዛቸው ነበር (ሉቃ. 2፥51)።

እንደ ትምህርት ምርጫና እንደ ጋብቻ ያለ፣ ለይቶ ያልተጻፈልን ነገር ሲገጥመንስ? ብቻችንን አንወስን። ብላቴናው ሳሙኤል የሚጠራው ማን እንደ ሆነ ያወቀው አረጋዊው ካህን ዔሊ አስተውሎ ስለ ነገረው ነው። እኛም ከጸሎት ጋር ወላጆቻችንንና የንስሐ አባታችንን እናማክር።

ያነበብነውን በቤታችን እንድንሠራው አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።