ሐረግ በብረት ላይ

ሐረግ የሚለው ቃል በአገራችን ለሁለት ነገር ያገለግላል። በዛፍና በአጥር ላይ እየተጠመዘዘ የሚወጣው ተክል ሐረግ ነው፤ ጸሐፍት በብራና መጽሐፍ ራስጌ ላይ በቀለም እየጠላለፉ የሚስሉት ጌጥም ሐረግ ይባላል። ዳዊቱን የሚገልጥ ሰው ከቃሉ በፊት ሐረጉን ያያል፤ ጌጡም ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር የከበረ መሆኑን ለዓይን አስቀድሞ ይነግራል። መስቀል ሠሪውም ይህንኑ ሐረግ በነሐስና በብር ላይ ይቀርጸዋል።

ይኸው ሐረግ በጠመንጃ ላይም ይቀረጻል። በጣልያን አገር በብሬሻ አጠገብ ባለችው በጋርዶኔ፣ በቤልጅግ በሊየዥ፣ በኦስትርያ በፌርላኽ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሠሪው በመጀመሪያ ሥዕሉን በብረቱ ላይ ይነድፋል፤ ከዚያም ጫፉ የተሳለ ትንሽ መቅረጫ በመዳፉ እየገፋ ወይም በትንሽ መዶሻ እየመታ መስመሩን ይቆርጣል። ከመቅረጫው ፊት እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ይነሣል። ግንዱ ይዞራል፤ ከግንዱ ቅጠል ይወጣል፤ ከቅጠሉ ሥር ሌላ ዙር ይጀምራል። እጅ አንድ ጊዜ ከሳተ ስሕተቱ እንደ ቀለም አይፋቅም። አንዱን መሣሪያ ለመጨረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ትዕግሥቱ የመነኮሳትን ትዕግሥት ይመስላል ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

በእኛ አገር ጠመንጃ ከውጭ የመጣ ዕቃ ስለ ሆነ፣ የአንጥረኛው ጥበብ ይበልጥ የታየው በጋሻና በጎራዴ ላይ ነበር። የመኳንንቱ ጋሻ በብር ያጌጥ፣ የጎራዴውም ሰገባ በቀይ ቆዳ ወይም በከፋይ ይለበጥ ነበር፤ ከአውሮፓ ተሠርተው በሚመጡ ጎራዴዎች ላይም የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ይቀረጽ ነበር። ውጅግራ፣ አልቤንና ምንሽር በመጡ ጊዜ ግን ጌጡ ከብረት ወደ ቃል ተሻገረ። በፉከራና በቀረርቶ ስማቸው እንደ ሙሽራ ስም ተሞገሰ። በአገራችን ጠመንጃ ላይ የተቀረጸው ሐረግ በአብዛኛው ይህ ነው።

ታዲያ ገዳይ የሆነን ነገር ማስጌጥ እንዴት ይታያል? ጥያቄው ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ለምትገኘው ለሲሪንቃ የመጽሐፍ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከዚህ ደረሰ፤ ወልድያና አካባቢዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ውስጥ ቆዩ። ለገበሬው የማሽላና የጤፍ ዘር ሲያሻሽል የኖረው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል ሳይቀር ተጎዳ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። በእንዲህ ያለ አገር የሚያድግ ወጣት ጠመንጃን ሲያይ ምን ያያል? ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ነው።

አስቀድመን ጥበቡን እናክብር። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ እንደ ሞላው ተጽፏል፤ ይህም በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ፣ ለፈርጥ የሚሆነውንም ድንጋይ እንዲቀርጽ ነው። ስለዚህ የቀራጭ እጅ ከክፉ የመጣ አይደለም። ሕዝባችን ግን በዚህ ነገር ሲበድል ኖሯል፤ ማረሻና ማጭድ የሚሠራለትን ቀጥቃጭ ቡዳ እያለ አራቀው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ቢሆን ነው። የሚያበላው ብረት ያለ ጌጥ ቀረ፤ ሠሪውም ተናቀ። የሚገድለው ብረት ግን ዘፈን ወጣለት። ይህን ስናስብ ያሳፍረናል።

አንዳንዶች «ጌጡ ማንን ገደለ? ሐረግ የሌለው ጠመንጃም ያው ይተኩሳል፤ ቀራጩ አበባ ከመሳል በቀር ምን አደረገ?» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የቤተ ክርስቲያን የግብረ ገብ መምህራን፣ በተለይም ቅዱስ አልፎንሶስ ሊጎሪ፣ በሌላው ክፉ ሥራ መተባበርን ለይተው አስተምረዋል፤ ክፋቱን ፈቅዶ የሚተባበር አለ፣ ክፋቱን ሳይፈቅድ በሥራው ብቻ የሚያግዝም አለ። በዚህ ሚዛን ለአዳኝ ጠመንጃ የሚቀርጸውን ሰው ነፍሰ ገዳይ ልንለው አንችልም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም ሌላ መንገድ ሁሉ ሲያልቅ መንግሥታት ሕዝባቸውን የመከላከል መብት እንዳላቸው አልካደም።

ሆኖም እኛ እንደሚመስለን ክርክሩ በራሱ ላይ ይመለሳል። ጌጡ ለመተኮስ የማይጠቅም ከሆነ ሥራው ምንድር ነው? ማመስገን ብቻ ነው። ብረቱን የሚያነጥረው ሰው «ቤቴን እጠብቅበታለሁ» ሊል ይችላል። የሚያስጌጠው ግን «ይህ ያማረ ነው፤ እዩት» ይላል። ራስን መከላከል ግድ ሲሆን እንኳ አሳዛኝ ግድ ነው፤ መቃብር የሚቆፈርበትን ዶማ በብር የሚለብጥ ሰው አላየንም። በአባቱ ጠመንጃ ላይ ጌጥ ያደረገ ልጅ ያከበረው አባቱን ነው የሚለውን ግን እንቀበላለን፤ የሰው ልብ እንዲህ የተደባለቀ ነው።

ከሲሪንቃ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከተራሮቹ ማዶ፣ መቅደላ አለ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ዛሬም እዚያው ይገኛል። የሠሩት በጋፋት የነበሩ ባለ እጆች ናቸው፤ ከባዝል አጠገብ ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት ወንጌልንና የእጅ ሙያን ይዘው የመጡ ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ነበሩባቸው። አጤ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠሩ ሲጠይቋቸው በመጀመሪያ አንችልም አሉ፤ ንጉሡ አጥብቀው ሲያዟቸው ሠሩ፤ ተሸለሙም። ልንፈርድባቸው አንደፍርም፤ በእነርሱ ቦታ ብንሆን ምን እናደርግ እንደ ነበር አናውቅምና። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ሐረግ የተሣለባቸውን ጨምሮ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት ተወሰዱ፤ ከባዱ ብረት ግን ባለበት ቀረ።

ቀደም ብለን የጠቀስናት ጋርዶኔ በምትገኝበት በትሮምፒያ ሸለቆ፣ ኮንቼዚዮ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1897 አንድ ሕፃን ተወለደ። ኋላ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ የሆኑት እርሳቸው ናቸው። የትውልድ ሸለቆአቸው ለዘመናት ጠመንጃ ሲሠራበት የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1965 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቆመው ጦርነት ዳግመኛ እንዳይኖር ሲማጸኑ፣ ወንድማማች መሆን የሚወዱ ሁሉ መሣሪያውን ከእጃቸው እንዲጥሉ ጠየቁ። የጎረቤቶቻቸውን እንጀራ የሚነካ ቃል መሆኑን ሳያውቁ የተናገሩት አይመስለንም።

በአዲስ አበባ በእንጦጦ አካባቢ ሴቶች የጥይት ቀለህ እያቀለጡ ዶቃና የአንገት ጌጥ ሠርተዋል። ይህ ሐረጉ ወደ ቦታው ሲመለስ ነው፤ ጥበቡ ያው፣ ብረቱም ያው ነው። ጦርነት ባለፈባቸው ቀበሌዎች የምታስተምሩ መምህራን ግን ይህን ስትናገሩ ተጠንቀቁ። ልጆች በማሳና በምሽግ አጠገብ የሚያብለጨልጭ ነገር ያነሣሉ፤ ያልፈነዳውን ከባዶው ቀለህ አይለዩም፤ ሁለቱም ያምሯቸዋል። ያገኙትን ሳይነኩ ለታላላቆች እንዲናገሩ በየሳምንቱ ከጸሎት በኋላ ንገሯቸው።